ከውጭ የመጣው ካቢኔት ድሬ ሲገባ

ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ አዲስ በተሠሩ ቤቶች ወጥ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነ ነው፤ ከወለል እስከ ኮርኒስ በር ያለው ነጭ ካቢኔት፣ አንዲት ማንኪያ እንኳ ውጭ የማትታይበት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡም ሐሳቡም የሚመጣው ውጭ ካለው ዘመድ ነው። ፎቶ ይላካል፣ አናጢው በቺፕውድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ በተሠራ ጣውላ) ይገጥመዋል፣ ያምራልም። ጉዱ የሚታየው ግንቦት ሲገባ ነው።

ቶሮንቶ ያለ ካቢኔት ብቻውን አይደለም የሚሠራው። ቤቱ ክረምት ከበጋ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይውላል፣ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል፣ ከምድጃው በላይ እንፋሎት የሚስብ ማራገቢያ አለ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ቢያልፍ ማንም አይገረምም። ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ዝግ ሳጥን ውስጥማ ይብሳል። እዚያ የተቀመጠ ንጥር ቅቤ ቀልጦ ይውላል፣ ሽታውም ቶሎ ይለወጣል። በርበሬው ቅላቱን ጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ ሽሮው ይነቅዛል። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቺፕውድ ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጥና በሩ አልዘጋ ይላል። ጨለማና እርጥበት አንድ ላይ ሲገኝ የሚደሰተው በረሮ ነው።

50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ ብሎ ሐረር ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ ያለውን ጌ ጋር፣ የሐረሪዎችን ባህላዊ ቤት፣ ያየ ሰው ሌላ ብልሃት ያገኛል። ግድግዳው ውስጥ የተሠሩ ክፍት መደርደሪያዎች አሉ፤ ስፌቱና ሳህኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ጎብኚ ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን የተሰቀለ ስፌት ከወለል እርጥበትና ከአይጥ ይርቃል፣ አየርም ያገኛል፣ ምን እንዳለና ምን እንደጎደለም በአንድ ዓይን ይታያል።

ካቢኔቱ ከተገጠመ ወዲያ ይነቀል ማለት አይደለም። በሩ ላይ ከላይና ከታች ቀዳዳ አስቀድዶ በወንፊት ሽቦ መሸፈን አናጢውን ግማሽ ቀን አያስፈጅም። ድስትና ትሪ ዝጉ ውስጥ ይግባ፤ እህልና ቅመም ግን ከምድጃው ርቆ፣ የከሰዓት ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ላይ ክፍት መደርደሪያ ይሠራለት። ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነውና ቦታው ወለል ነው፤ ቀድሞ የተሞላው ላይ ክር ታስሮበት ቀድሞ ከሱ ይቀዳ።

ከውጭ መቅዳት የነበረብን ሌላ ነገር ነበር፤ እዚያ ያሉት የበርበሬ አያያዝ። 5 ኪሎ በርበሬ ከአገር ቤት የደረሰው ሰው ለወር የሚበቃውን ግማሽ ኪሎ በብርጭቆ ማሰሮ ያስቀራል (ፕላስቲክ ሽታና ቀለም ይይዛል)። የቀረውን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ፍሪዘር ይከተዋል። ሽሮም እንዲሁ፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 4 ቀን የቆየ ዱቄት ውስጥ ነቀዝም እንቁላሉም አይተርፍም። ድሬም ብዙ ቤት ፍሪዘር አለ፤ የሚሳተው ከወጣ በኋላ ነው። ከረጢቱ እንደወጣ ከተከፈተ የክፍሉ እንፋሎት ቀዝቃዛው ዱቄት ላይ ውሃ ይሆናል፤ ሽሮው ይጓጉላል፣ ቆይቶም ይሻግታል። እንደታሰረ ማታ ወጥቶ ጠዋት ይከፈት። እርጥብ ማንኪያም አይግባበት።

መብራት ሲጠፋ ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ይይዛል ይላሉ እዚያ። ይህ የነሱ ክፍል ሙቀት ሒሳብ ነው፣ ለድሬ ይቀነስ። ባዶው ቦታ በውሃ ጠርሙስ ይሞላ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከአፉ ሁለት ጣት ይጉደል።

እንጀራ ላይ ግን እዚያም እዚህም ያው ጥፋት ነው፣ ሳይበርድ በፕላስቲክ መጠቅለል። ላቡ መልሶ ይነካውና በድሬ ሙቀት በሁለተኛው ቀን ሻጋታው ብቅ ይላል። ሰፌድ ላይ በደንብ ይብረድ፣ ከዚያ መሶብ፣ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ። ማሽላ የበዛበት እንጀራ ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ለአንድ ቀን የሚበቃው ብቻ ይጋገር። መሶቡ ፍርፋሪው ተራግፎ ፀሐይ ይምታው እንጂ ውሃ ውስጥ አይነከር።

ማሰሮው ላይ ቀን መጻፍም ከውጭ የመጣ ደግ ልማድ ነው፣ ወረቀት ፕላስተርና እስክሪብቶ ይበቃዋል። የታሸገው ዕቃ የፈረንጅ ቀን ይዞ ስለሚመጣ «12/3» የሚል ጽሑፍ ታኅሣሥ ይሁን መጋቢት፣ የማን አቆጣጠርም እንደሆነ ያጣላል። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ «የካቲት የተፈጨ» ካለ ማንም አይሳሳትም።