የሽንት ቤቷ ልጅ

ይህን የምጽፈው የአርማታ አቧራ ከጸጉሬ ሳይራገፍ ነው። መታጠብ አልቻልኩም፤ የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ሐሙስ ነው። ውሃው እስኪመጣ ንዴቴን ላፍስሰው።

ያው እኔ መሐንዲሷ የውሃና የፍሳሽ መስመሩን የነደፍኩለት ሕንፃ ነው። አዎ፣ ያው ባለ ዘጠኝ ፎቁ፣ ያው መስታወት የለበሰው። ባለፈው ወር "ጨረስኩ፣ ተገላገልኩ" ብዬ ቡና የጋበዝኳችሁ። ቡናዬን መልሱልኝ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ባለቤቱ አሉ፣ አርክቴክቱ አለ፣ ፎርማኑ አለ፣ መሮና መዶሻ የያዙ ሁለት ልጆችም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሊፍት ገና ስለሌለ ደረጃውን እያለከለክሁ ስጨርስ ባለቤቱ ለፎርማኑ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ይኸው የሽንት ቤቷ ልጅ መጣች፤ እሷን ጠይቃት።"

የሽንት ቤቷ ልጅ! አምስት ዓመት ተማርኩ፣ ስምንት ዓመት ሠራሁ። እናቴ በምረቃዬ ቀን እልል ብላ ያለቀሰችው ለዚች ማዕረግ ነበር። ኤሌክትሪኩን የሚሠራውን ጓደኛዬን "የመብራቱ ልጅ" ነው የሚሉት፤ የእሱስ ቢያንስ ብርሃን አለበት።

ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ከአራተኛ ፎቅ ጀምሮ ያለው ቢሮ ሊሆን ነበር። መጸዳጃ ቤቶቹ ሁሉ ደረጃው አጠገብ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው፣ አንድ ዳክት፣ ማለትም ቱቦዎች ከላይ እስከ ታች የሚያልፉበት ቀዳዳ፣ ይዘው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። እንደ ዳዊት ንባብ የተቃና ሥራ ነበር። ከዚያ የመጨረሻው ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ተሞልቶ፣ ብሎኬቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ተኝተው ሲነሡ "የእንግዳ ማረፊያ ይሁን" አሉ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያና መጸዳጃ ይኑረው። አርክቴክቱ "ይቻላል" አለ። ለእሱ በእርግጥ ይቻላል፤ በኮምፒውተሩ ላይ የመጸዳጃ መቀመጫውን በአንድ ጣቱ ጎትቶ ምዕራብ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ለእኔ ማንም አልደወለም። የደወሉልኝ ዛሬ ነው፤ ቱቦው ከሶሌታው ሥር ተንጠልጥሎ ሲያዩትና ኮርኒሱ አልገጥም ሲላቸው።

አሁን ወደ ንግግሩ። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

"ልጄ፣ ይህ ቱቦ ለምንድን ነው እንዲህ እየወረደ የሚሄደው? ኮርኒሱን ዝቅ አደረገብኝ እኮ።"

"ጋሼ፣ ፍሳሽ ተዳፋት ይፈልጋል። ከዚህ እስከ ዳክቱ 9 ሜትር ነው። በመቶ 2 ሲወርድ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቱቦው ራሱ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። 29 ሆነ። መጋጠሚያውና ማንጠልጠያው ሲጨመርበት..."

"ትንሽ ከፍ አድርጊዋ።"

"ከፍ ካለ አይወርድም፣ ጋሼ።"

"ለምን አይወርድም? ከባድ እኮ ነው።"

መሮ የያዙት ልጆች ሳቁ። ፎርማኑ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቸዋለሁ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ነገር ግን አርክቴክቱ አልሳቀም። የተማረው ሰው፣ ልብ በሉ፣ ያ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ የተማረው፣ ጉሮሮውን ጠረገና "የመጽሐፍ ቁጥር ይዘሽ አትሟገቺ፤ መፍትሔ አምጪ" አለኝ። በሰው ፊት! ከዚያ መፍትሔውን ራሱ አመጣው። "ቢሙን ቀድዳችሁ አሳልፉት።" ቢሙ እኮ ሶሌታውን የሚሸከመው የአርማታ አግዳሚ ነው።

"ስትራክቸራል መሐንዲሱ ያውቃል?" አልኩ፤ የሕንፃውን ተሸካሚ ክፍሎች የሚያሰላው እሱ ነው።

"እሱ ሥራውን ጨርሷል።"

ለካስ ጥያቄው ሥርዓት ለማሟላት ያህል ነው እንጂ መቅደድ ተጀምሯል። ወደ ጥጉ ሄጄ ሳየው ቢሙ ሆዱን ተከፍቶ፣ ፌሮው እንደ ጎድን አጥንት ገጥጦ ይታያል። አቧራው ያን ጊዜ ነው ጸጉሬ ላይ የወረደው። ቢሙ ከሶሌታው በታች 50 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ቱቦው ደግሞ መካከሉ ላይ ይመጣል። ንድፉ ሲሠራ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ወይ ቢሙ ሌላ ቦታ ይሆናል፣ ወይ ቀዳዳው ዙሪያውን በፌሮ ታስሮ ከአርማታው በፊት ይዘጋጃል፣ ወይ መጸዳጃው ወደ ዳክቱ ይጠጋል። በእርሳስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ አሁን በመሮ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንጃ።

ይባስ ብለው ባለቤቱ "እንግዲያው ዳክቱን ወደዚህ አምጪው" አሉኝ። ዳክት ቁም ሳጥን ነው እንዴ፣ ተገፍቶ ጥግ የሚይዘው? ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ዘጠኝ ሶሌታ የሚበሳ መንገድ ነው። "ቀጥ አድርገሽ እዚሁ ጋ አውርጂው" ቢሉኝም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ደግሞ ምድሩን የተከራየው ባንክ ውስጥ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ። ይህንን ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉ። አሰቡበት ብዬ ደስ ሲለኝ "በጂፕሰም ብንሸፍነውስ?" አሉ።

ስለ ዳክቱ ካነሣሁ አይቀር፣ የሁለት ዓመት ቁስል ነው፣ ልናገረው። መጀመሪያ የጠየቅሁት 1.20 በ0.80 ነበር። በዘጠኝ ፎቅ ሲባዛ 8.64 ካሬ ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ ስልካቸውን አውጥተው አሰሉና "ለቱቦ? ይህ እኮ አንድ ሱቅ ነው! ቱቦ ሲወርድ ቤት ይፈልጋል?" አሉ። "በውጭ በኩል ይውረድ" አሉ። አርክቴክቱ እንደ ተወጋ ሰው ዘለለ፤ በውጭ በኩል መስታወት ነው፣ መስታወቱ ላይ ቱቦ አይታይም። ስለዚህ በውስጥ ቦታ የለንም፣ በውጭ ውበት እናበላሻለን። በመጨረሻ እንደ ምጽዋት ግማሹ ተሰጠን። አሁን በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ንጹሕ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ የጣሪያው ዝናብና የጓደኛዬ ዋና የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃቅፈው ይወርዳሉ። አንዲት መጋጠሚያ ላልታ ማንጠብጠብ ከጀመረች የሽንት ቤቷ ልጅና የመብራቱ ልጅ አንድ ላይ ፍርድ ቤት እንቆማለን። እጁን አስገብቶ የሚያጠብቅበት በር እንኳ የለውም፤ በሩ ኮሪደሩን ያበላሻል ተብሎ በግንብ ተዘጋ።

ደግሞ የአየር ቱቦዋ ነገር። በንድፉ ላይ ከእያንዳንዱ ፍሳሽ ጎን ሽቅብ ጣሪያ ድረስ የምትወጣ ቀጭን ቱቦ ነበረችኝ። ባለቤቱ የዋጋ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ "ይህችስ ምን ይወርድባታል?" አሉ። "ምንም አይወርድባትም፤ አየር ይመላለስባታል።" "ለአየር ነው 6 ሺህ ብር የምከፍለው?" ሰረዟት። እንግዲህ ከእያንዳንዱ መታጠቢያ ሥር የታጠፈው ክርን ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ተኝቶ ነው ሽታውን የሚያግደው። ላይኛው ፎቅ ውሃ ሲለቀቅ፣ አየር ማግኛ ከሌለው፣ ያችን ውሃ እየሳበ ይወስዳታል። ከዚያ ክፍሉ ይሸታል። ከዚያ ማን ይጠራል? እኔ። ምን ይባላል? "ሥራሽ ይሸታል።"

ፓምፑን ልተወው አልኩ፤ አልቻልኩም። "ምድር ቤት ቦታ ይይዛል፤ አንደኛ ፎቅ ላይ አስቀምጪው፣ ከዚያ ሆኖ ይስባል" ተባልኩ። የውሃ ታንከሩ ወለል ከዚያ 8 ሜትር ወደ ታች ይርቃል። ፓምፕ ውሃን እንደ ገመድ አይጎትትም፤ እሱ ባዶ ያደርጋል፣ ከታች የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ያ ግፊት ውሃን ከ10 ሜትር ትንሽ በላይ ይገፋል። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ 7 ሜትር ተኩል ብንል ነው፣ እሱም በወረቀት። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ መሆኗን ለሯጮቻችን ሲሆን ሁላችንም እንኮራበታለን፤ ለፓምፕና ለጄኔሬተር ሲሆን ግን ማንም አያስታውሰውም። ጄኔሬተርም እኮ እዚህ ይተነፍሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ባለቤቱ መልሳቸው አጭር ነበር። "የጎረቤቴ ይስባል።"

(የጄኔሬተሩ ክፍል ለጁስ ቤት ተከራይቷል። ይህን በቅንፍ የጻፍኩት ካሰብኩበት ስለምጮኽ ነው።)

አርክቴክታችን ቢሮው ግድግዳ ላይ የአሜሪካዊውን አርክቴክት የሉዊስ ካንን ትልቅ ፎቶግራፍ ሰቅሏል። ካን ጡብን "ምን መሆን ትፈልጋለህ?" ብሎ እንደ ጠየቀ ለተለማማጅ ሁሉ ይሰብካል። ያው ሰውዬ ግን ስለ ቱቦም ተናግሯል። ቱቦን ከልቡ እንደሚጠላ፣ አምርሮ ስለሚጠላውም የራሱ ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ፣ አለዚያ ሕንፃውን ወርሮ እንደሚያጠፋው ነው የተናገረው። ካሊፎርኒያ በሠራው የሳልክ ተቋም ከእያንዳንዱ የላቦራቶሪ ወለል በላይ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ሙሉ ፎቅ ለቱቦና ለገመድ ብቻ ሰጥቷል። በ1965 ነው ያለቀው። እኔ ሙሉ ፎቅ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት በየፎቁ 0.96 ካሬ ሜትር ነበር። ጡቡን ያናገረ ሰው ተማሪ ሆኖ እኔን ግን አንድ ቀን "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" አላለኝም!

ካሊፎርኒያ ለምን እሄዳለሁ? የላሊበላ ሰዎች ከ800 ዓመት በፊት ዐለት ከላይ ወደ ታች ሲፈለፍሉ ግቢውን በተዳፋት፣ ቦዩን በልክ አድርገው የክረምቱ ውሃ የት እንደሚሄድ አስበው ነው የፈለፈሉት። እነሱ ቢሳሳቱ ጂፕሰም አልነበራቸውም። ዐለቱን ከጨረሱ በኋላ የውሃዋን ልጅ ጠርተው "ትንሽ ከፍ አድርጊዋ" አላሏትም።

ሕጉ የለም እንዳትሉኝ። ገና በፈረንጆቹ 1995 በወጣው የሕንፃ ኮዳችን እንኳ ዘጠነኛው ቅጽ የውሃና የፍሳሽ፣ አሥረኛው የኤሌክትሪክ፣ አሥራ አንደኛው የአየር ማመላለሻ ነበር። የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅም የእኛ ንድፍ ተያይዞ ይገባል። ችግሩ "ተያይዞ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሐሙስ ማታ ይደወልልኛል፤ "እህቴ፣ ቅዳሜ የሚገባ አንድ ሳኒታሪ ነበረኝ፣ ለፈቃድ ያህል ነው" ይባላል፤ ሳኒታሪ የሚሉት የውሃና የፍሳሽ ንድፉን ነው። ለፈቃድ ያህል! ሰዎቹ ግን ለፈቃድ ያህል አይጸዳዱም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ እኛ ጋ ሲፈታ የሚፈስሰው ከአራተኛ ፎቅ ነው። እሺ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ማህተሜን የማሳርፈው እኔ ነኝ። ባላሳርፍ ሌላ ሰው ያሳርፋል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ የቤት ኪራይም አለብኝ።

የቤት ኪራይ ስል፣ የተከራየሁት ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የወለሉ ውሃ መውረጃ ከወለሉ ሁሉ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። እንደ ሐውልት! ታጥቤ ስጨርስ ውሃውን በመጥረጊያ ሽቅብ እየገፋሁ አስወጣለሁ። የእኔ ቤት! የሽንት ቤቷ ልጅ ቤት! አከራዬን ስነግራቸው "ትንሽ ግፊ፤ ይሄዳል" አሉኝ። አክስቴ ደግሞ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ናቸው። ታንከሩ ከሻወራቸው በላይ 3 ሜትር ብቻ ስለሆነ ማሞቂያው ግፊት አጥቶ አይነሣም፤ ሦስት ባለሙያ ማሞቂያውን ቀየረላቸው፣ ማንም ቀና ብሎ ታንከሩን አላየም።

ወደ ዛሬ ልመለስና ልጨርስ። መጨረሻ ላይ ምን ወሰንን? እኔ ምንም አልወሰንኩም። ስትራክቸራል መሐንዲሱን ራሴ ደወልኩለት። ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ "የትኛውን ቢም?" አለኝ፣ ድምፁ እንደ ታመመ ሰው። ሥራው ቆሟል፤ እሱ ነገ መጥቶ ያየዋል። ባለቤቱ ሲወጡ ደረጃው ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አይዞሽ ልጄ፣ ሁሉም ይለመዳል፤ አንድ ቱቦ እኮ ነው" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ። ምሳም ጋብዘውኛል። በላሁ።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ከአርክቴክቱ መልእክት ገባ። ይቅርታ መስሎኝ ልቤ ድንግጥ አለ። "የሌላኛው ሕንፃ የምድር ቤቱን ቱቦዎች ቦታ ለቅዳሜ ትልኪልኛለሽ?" ይላል። እሺ ብዬ መለስኩ። ከዚያ ድንገት ጠረጠርኩና "ሶሌታው መቼ ነው የሚሞላው?" ብዬ ጻፍኩለት።

"ትናንት ተሞላ።"