የሚያውቀው ሰው ማነው?

ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን አንዲት ጓደኛዬ ስልኳን አቀበለችኝና «እስኪ ይሄን አንብቢው» አለችኝ። ትዳር ፈላጊዎች የሚለጠፉበት የቴሌግራም ቻናል ነው። «ዕድሜ 34፣ ቁመት 1.78፣ ኦርቶዶክስ፣ የግል ሥራ፣ ልጅ የለውም፣ ቁም ነገረኛ ይፈልጋል።» ከሥሩ የመለያ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ለአድሚኑ ትልኪያለሽ፣ ብር ታስገቢያለሽ፣ የሰውዬው ስልክ ይሰጥሻል። «ይሄን ሰው የሚያውቀው ማነው?» አልኳት። ዝም አለች።

ድሮ ይሻል ነበር ልል አይደለም። ድሮ ልጅቷን የሚጠይቃት አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ያንን የሚመኝ ካለ እኔ አብሬው አይደለሁም። ግን ሽማግሌ ሲላክ የማን ልጅ ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ጎረቤት ይጠየቃል። ነገር ሲበላሽም እነዚያው ሽማግሌዎች ተጠርተው ለማስታረቅ ይቀመጣሉ፤ ስማቸው አለበትና።

ቴክኖሎጂው በተለወጠ ቁጥር የቀነሰው ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የሃርቫርድ ተማሪዎች 3 ዶላር እያስከፈሉ በመጠይቅና በኮምፒውተር ሰው ማገናኘት ሲጀምሩ፣ ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ተማሪዎች ስለነበሩ ስለ ልጁ የሚጠየቅ የግቢ ጓደኛ አይጠፋም ነበር። እኛ ጋ ደግሞ የብዕር ጓደኛ የሚባል ነገር ነበር፤ በፖስታ ሳጥን ቁጥር ተጻጽፎ መልስ እስኪመጣ ሳምንታት መጠበቅ። ሰው የሚያገናኘው ድረ ገጽ ማች ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ1995 መጣ፣ የስልክ መተግበሪያው ቲንደር በ2012፤ ከዚያ ወዲህ ሰውን ለመምረጥ ጣትን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መሳብ ይበቃል። የስታንፎርዱ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ በ2019 ያወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ በ2017 ከተገናኙት ወንድና ሴት ጥንዶች 39 በመቶው የተዋወቁት በኢንተርኔት እንደሆነ ያሳያል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ በጓደኛ በኩል የተዋወቁት በ1995 ከነበሩበት 33 በመቶ ወደ 20 ወርደዋል። መሀል የነበረው ሰው ወጥቷል ማለት ነው።

መሀል ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በቅርብ አይቻለሁ። አንዲት የማውቃት ልጅ ውጭ አገር ነኝ ካለ ሰው ጋር አምስት ወር አወራች። ቪዲዮ ደውል ስትለው ኔትወርክ ደካማ ነው ይላል። አንድ ቀን «ዕቃ ልኬልሽ ጉምሩክ ያዘው፣ 15 ሺህ ብር ክፈይና አውጪው» አላት። ከፈለች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ። ብሩ ያናድዳል፣ ግን እኔን ያመመኝ ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ለእናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም ነበር። ማን አገናኘሽ ቢሏት የምትጠራው ስም ስለሌላት አፈረች። ብትናገር ኖሮ ከእኛ አንዳችን በመጀመሪያው ሳምንት እንነቃበት ነበር።

መተግበሪያዎቹ ጥፋተኛ ናቸው ብዬ ስልክ ይጣል አልልም። በእነሱ ተገናኝተው በሰላም የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ሥራ ከቤት፣ ቤት ከሥራ ለሚመላለስ ወይም ባዕድ አገር ብቻውን ላለ ሰው ደግሞ ሌላ በር ላይኖረው ይችላል። ግን የቻናል አድሚን ቁጥር ሰጥቶ ብር ከተቀበለ ቢያንስ ሰውዬውን የሚያውቅ የአንድ ሰው ስልክ ይጠይቅ። ደመወዝና ቁመት የሚጠይቅ ፎርም ይሄን ለመጨመር አንድ መስመር ነው የሚፈልገው።

ለጓደኛዬም ይሄንኑ አልኳት። ፎርሙ ካልጠየቀ አንቺ ጠይቂው አልኳት። ማታ ደወለችልኝ፤ ሰውዬው የታላቅ እህቱን ስልክ ልኮላታል። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ልትደውልላት ነው፣ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ።