ክርክር፦ ጋናን ነፃ ያወጣት ሰላማዊ ትግል ነው?

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ አዎ ነው። ነገሩ ደግሞ ከነፃነት ትግሉ መሪ ከንክሩማም በፊት ይጀምራል። በ1937 የአውሮፓ ኩባንያዎች ተመካክረው የካካዎ ዋጋ ሲጥሉ የጎልድ ኮስት (በእንግሊዝ ትገዛ የነበረችው የዛሬዋ ጋና) ገበሬዎች "አንሸጥም" ብለው ምርታቸውን ለወራት ያዙ። ንክሩማ ይህንኑ ወደ ፖለቲካ አመጣው። በጥር 1950 "ፖዘቲቭ አክሽን" ብሎ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፣ ባቡር ቆመ፣ እሱም ታሰረ። በ1951 ምርጫ እስር ቤት ሆኖ አክራ ላይ ከ23,122 ድምፅ 22,780ውን ወሰደ፤ አገረ ገዢው አርደን-ክላርክ ከወህኒ አስወጥቶ መንግሥት እንዲመራ ጠራው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ 1948ን ዘለልካት እኮ! በፌብሩዋሪ 28 ለእንግሊዝ ተዋግተው የተመለሱ ወታደሮች አቤቱታ ይዘው፣ ባዶ እጃቸውን ወደ አገረ ገዢው ሲሄዱ አንድ እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥ ራሱ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ። አክራ ነደደች። የፈረንጅ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፣ ረብሻው ሌሎች ከተሞችም ገባ። ለንደን የዋትሰንን አጣሪ ኮሚሽን የላከችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ኮሚሽኑም የነበረው ሕገ መንግሥት ጊዜው አልፎበታል አለ፣ ምርጫው የመጣው በዚያ መንገድ ነው። አድማው ሲጠራ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አድማውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፣ አክራ ላይ ሁለት ፖሊሶች ተገድለዋል።

ደጋፊ፦ አልዘለልኩም እህቴ፣ ልመጣበት ነበር። የተገደሉት መሣሪያ ያልያዙ ሰልፈኞች ናቸው፤ ሕዝቡን ያስቆጣው እሱ ነው። ረብሻው ኮሚሽን አመጣ፣ እሺ። ግን ከኮሚሽኑ በኋላ የቀረበው ዋናውን ሥልጣን ለአገረ ገዢው የተወ ሕገ መንግሥት ነበር። ራስን ማስተዳደር "አሁኑኑ" የሚል የንክሩማ ፓርቲ ባይኖር እዚያው ይቀር ነበር። ያን ፓርቲ በገንዘብ ያቆሙት የገበያ ሴቶች ጭምር ናቸው፣ ሱቅ አቃጣዮች አይደሉም።

ተቃዋሚ፦ ድርጅቱን አልክድም። ግን ጎልድ ኮስት ላይ መሬት ነጥቆ የሰፈረ ነጭ ገበሬ አልነበረም። ኬንያ ነበረ። አልጄሪያማ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ አውሮፓዊ ተቀምጦባት ነበር። በ1958 አክራ ላይ፣ በንክሩማ በራሱ አገር፣ የአፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤ ሲካሄድ ጸሐፊው ፋኖን በጦር መሣሪያ ትታገል የነበረችውን የአልጄሪያን ወገን ይዞ የተከራከረው ስለዚሁ ነው፤ ጉባኤውም ተገድደው ለሚዋጉት ድጋፉን አልነፈገም። አስተናጋጁ ሰላማዊ ትግል ብቻ ይበቃል ብሎ አላሳመናቸውም፣ አንተ እንዴት ልታሳምነኝ ነው?