ይድረስ ለጎረቤቴ ለጋሼ ፒክአፕ

በማቆሚያ ቁጥር 14 ሙሉውን፣ በቁጥር 15 ደግሞ ሲሶውን ይዘው ለሚገኙት ጋሼ ፒክአፕ፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዘይቱ፣ ጎማው፣ ያ ትልቁ ስክሪን፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከፓርኪንግ ችግር በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

መጀመሪያ «አንተ» ልልዎት አስቤ ነበር። ከዚያ ቁመትዎ ትዝ አለኝ። ኮፈንዎ ደረቴ ላይ ይደርሳል እኮ። ደረቴ ላይ የደረሰን ነገር አንተ ብል አሳዳጊ የበደለው መባሌ አይቀርም።

ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ የቁጥር 15 ባለመብት ነኝ፣ ማለትም የተረፈው ሁለት ሦስተኛ ባለመብት። እንጀራ አከፋፋይ ነኝ። መኪናዬ ድንክዬ ትባላለች፤ ከፈረንጆቹ 90ዎቹ የተረፈች ነጠላ ጋቢና፣ ባለማርሽ፣ መስኮቷ በእጅ የሚዘወር ሚጢጢ ፒክአፕ ናት። ጎረቤት ከሆንን ሦስት ዓመታችን ነው፤ በነዚህ ሦስት ዓመታት ግን በሾፌሩ በር በኩል እንደ ሰው ወርጄ አላውቅም። ማርሹን ተሻግሬ፣ ጉልበቴን ከመሪው አላቅቄ፣ በቀኝ በር በኩል ነው የምወለደው። አንዴ ሱሪዬ ማርሹ ላይ ተሰቅሎ እዚያው ተንጠልጥዬ ሳለ ባለቤትዎ ቡና ይዘው አለፉና «ኖ ሪሞት ስታርት?» (ከሩቅ በቁልፍ አትነሳም? ማለታቸው ነው) አሉኝ። ሳቅኩ። ምን ላድርግ።

ጠዋት ደግሞ አለ። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በሐበሻ ሰዓት ማለቴ ነው፣ እነሳለሁ። ወደ ኋላ ለመውጣት ስሞክር ግራዬ ሙሉ በሙሉ እርስዎ ነዎት። ሰማይ የለም፣ መንገድ የለም፣ ስፖኪዮዬ ውስጥ የሚታየው የእርስዎ ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ ክላክስ ላለማድረግ (ሰው ተኝቷል) በጸሎት እወጣለሁ። እስካሁን ጸሎቱ ሰርቷል።

አንድ ቀን የስድስት ዓመት ልጄ ኳሷ እርስዎ ፊት ተንከባለለችባትና ልታነሳ ሄደች። ባለቤትዎ ጋቢና ውስጥ ስልካቸውን እያዩ ነበር፤ ሞተሩ እየሰራ ነው። እሷ ከኮፈኑ በታች ሙሉ በሙሉ ጠፋች፤ የጸጉሯ ሪባን እንኳ ከላይ አይታይም። ሮጬ ደረስኩ፤ ባለቤትዎ ቀና ብለው እጃቸውን አውለበለቡልኝ፤ ለእኔ ብቻ፣ እሷን አላዩዋትማ። ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልዎት። የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚደግፉት የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ኮፈናቸው ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ከተንሸራተተው ጋር ሲነጻጸር በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ቀልዱን እዚህ ላይ ለአፍታ ላቁመው።

እሺ፣ ቀጠልን። ግዝፈትዎ ለሥራ ቢሆን እኮ ዝም እል ነበር። አይሱዙም ግዙፍ ነው፣ ማንም አይጠላውም፣ ጤፍ ይጭናላ። እርስዎ ምን ጫኑ? በሦስት ዓመት ውስጥ ጀርባዎ ላይ ያየሁት አንድ የልደት ፊኛ ነው፣ እሱም በራሱ በንፋስ ገብቶ። ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ይዘው መጫኛዎ 5 ጫማ ተኩል ነው። ድንክዬ እኮ 6 ጫማ አላት! የቀረው ቁመትዎ ምንድነው ብዬ ሳይ ደብል ጋቢና ነው፣ ቆዳ ወንበር፣ የኋላ ወንበሩ እንኳ የሚሞቅ። ሳሎን ነው እንጂ። ባለፈው ክረምት ፍራሽ ገዝቼ፣ ድንክዬ ጋራዥ ስለነበረች፣ ባለቤትዎን በትህትና ለመንኩ። «ይቧጨርብኛል» አሉኝ። የጭነት መኪና፣ ጭነት ይቧጭረኛል ብሎ ሲፈራ! ዝናብ ይመታኛል እንዳለ ጃንጥላ ማለት ነው። ፍራሹ በዘመድ ኮሮላ ጣሪያ ላይ በልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮ መጣ፤ አራታችን በመስኮት እጃችንን አውጥተን ይዘነው።

እና እላለሁ፣ ትንንሾቹ የት ሄዱ? ጠይቄ ደረስኩበት። ጥፋተኛዋ ዶሮ ናት። አይሳቁ፣ እውነቴን ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓውያን፣ በተለይ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን፣ የአሜሪካን ርካሽ ዶሮ ለመከላከል ቀረጥ ጫኑ። አሜሪካ ተናደደች። በ1963 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በአጸፋው ከውጭ በሚገባ ብራንዲ፣ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ሙጫ ነገር) እና በቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የብራንዲውና የስታርቹ ውሎ አድሮ ተነሳ። የመኪናው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሳም፤ ትንንሾቹን ከውጭ ማስገባት አላዋጣም። እኛ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» እንል ነበር፤ እዚህ አገር ዶሮዋ ብድሯን መልሳ መጫኛችንን ጣለችው።

ኩባንያዎቹ ቀረጡን እንዴት እንደሚያመልጡት ደግሞ ልንገርዎት፣ እዚሁ ሰፈራችን ባልቲሞር ነው የተደረገው። ፎርድ ከቱርክ ትንንሽ የጭነት ቫኖችን የኋላ ወንበር ገጥሞ «የሰው ማመላለሻ ናቸው» ብሎ ያስገባና፣ ከጉምሩክ ካለፉ በኋላ ወንበሩን ነቅሎ የዕቃ መኪና ያደርጋቸው ነበር። ሰርግ ለመግባት ከረባት ተውሶ በር ላይ እንደሚመልስ ጎረምሳ። መንግሥት ነቃ፤ በ2024 ጉዳዩ በ365 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ በስምምነት ተዘጋ። በዶሮ ምክንያት!

የነዳጅ ቁጠባ ደንቡም አለ። መኪናው በአራቱ ጎማዎች መካከል የሚይዘው ስፋት በጨመረ ቁጥር ግዴታው እየላላ ይሄዳል። ስለዚህ ቆጣቢ ትንሽ ከመሥራት ሰፊ መሥራት ቀለለ። የፎርድ ትንሿ ፒክአፕ ሬንጀር እዚህ አገር በ2011 ቆመች፤ በ2019 ስትመለስ፣ አሜሪካ ከርሞ ቦሌ እንደሚወርድ ዘመድ፣ ፊቷ እስኪጠፋን ወፍራ ነበር።

ዋጋውን ተዉት። በ2025 መስከረም እዚህ አገር የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋ 50 ሺህ ዶላር አለፈ። በእንጀራ ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ቁጭ ብዬ ልሰራው ጀምሬ ራሴን ስላመመኝ ተውኩት።

እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሁለት ሰው የምትይዝ ጋቢና። ኋላዋ ላይ እንጀራዬን፣ ፍራሼን፣ የሰው ሶፋ የምጭንበት። ቢቧጨር የማላለቅስበት። ስክሪን አልፈልግም፣ ስክሪን ኪሴ ውስጥ አለ። ኤሌክትሪክ ብትሆን ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል፤ ሥራዬ ቁም ሂድ ነው፣ ከሱቅ ሱቅ፣ ከመብራት መብራት፣ ቤንዚን ቆሞ ሲቃጠል የሚውልበት። የዘይት ቅያሪ የለባትም። በዚያ ላይ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ በሌሊት ስወጣ ሰፈሩን አልቀሰቅስም። (እርስዎ ሲነሱ የቤቴ ብርጭቆ ሁሉ እልል ይላል።)

ቻርጅ የት ልታደርጋት ነው ይሉኝ ይሆናል፣ ልክ ነው፣ ማቆሚያችን ላይ ሶኬት የለም። መጋገሪያው ጀርባ ግን አለ። የመጋገሪያው ባለቤት እትዬ መጀመሪያ «መብራቱን ልትጨርሱብኝ!» ብለው ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ መኪና ተራ ሶኬት ላይ ተሰክታ 1 ኪሎዋት ተኩል አትሞላም። ከግማሽ ምጣድ በታች ናት አልኳቸው። በምጣድ ሲነገራቸው ወዲያው ገባቸው። ሌሊቱን ለ10 ሰዓታት ያህል ብትሰካ 40 ማይል ገደማ ታገኛለች፤ የእኔም ቀን ከዚያ ብዙ አይዘልም። ብርድ ሲሆን ይቀንሳል፣ አውቃለሁ፣ ብርድ ሲሆን እኔም እቀንሳለሁ።

የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ ይስቅብኛል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ እነሱ ጋ ኤሌክትሪኩ ሞልቷል። «አሜሪካ ተቀምጠህ ነዳጅ ማደያ ትሰለፋለህ?» ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ዜና። በ2025 ሚያዝያ ላይ አንድ አዲስ ኩባንያ አንዲት ፒክአፕ አሳየ። ስሟ ስሌት ነው። በእንግሊዝኛው ድንጋይ ሰሌዳ ነገር ነው አሉ፣ ለእኔ ግን በአማርኛው ነው የገባኝ። ሁለት ወንበር። ቀለም የለም፣ ግራጫ ፕላስቲክ ብቻ። ሬዲዮ የለም፣ ስክሪን የለም። መስኮቷ በእጅ ይዘወራል! እንደ ድንክዬ! በአንድ ቻርጅ 150 ማይል፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ40 ገደማ፣ መጫኛዋ 5 ጫማ። ያ ሁሉ ሳሎን ተሸክመው እርስዎ የሚበልጧት በግማሽ ጫማ ነው። ዋጋው ከመንግሥት ድጎማ ጋር ከ20 ሺህ ዶላር በታች ይሆናል ብለው ነበር፤ 7,500 ዶላሩ ድጎማ በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ሲቀር ወደ ሃያ ምናምን ሺህ ከፍ አለች። ከፋኝ፣ አልዋሽዎትም። ግን በ50 ዶላር ወረፋ መያዝ ይቻላል ሲባል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ይህን ሁሉ ሰው የት ደብቀውት ነበር ጋሼ? ነጋዴዎቹ «ሰው ትንሽ መኪና አይፈልግም» ሲሉን ነው የኖሩት።

ማስረከቡ 2026 መጨረሻ ነው የተባለው። የአዲስ ኩባንያ ቀጠሮ የሐበሻ ቀጠሮ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ እስከዚያ ከእርስዎ ጋር መኖራችን ነው። ለማንኛውም እኔም 50 ዶላሬን ከፍያለሁ፣ ይወቁት።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋ ስል ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ባለቤትዎ ናቸው። ጫማቸውን እያዩ፣ ለአትክልታቸው 12 ከረጢት አፈር ሊገዙ እንደነበር፣ አፈሩ ግን እርጥብ ስለሆነ፣ የእርስዎ ውስጥ ደግሞ ገና አዲስ ላስቲክ ስላስነጠፉ... «ትንሿን መኪናህን ለአንድ ሰዓት?» አሉኝ።

በቀኝ በር ገባሁ። እሳቸውም ተከትለው ገቡ። አፈሩን ጭነን ስንመለስ ድንክዬን በኋላዋ አስገብቼ እርስዎ ጎን አቆምኳት፤ አሁን በእርስዎ የታፈነው የእሳቸው በር ነው፤ ማርሹን ተሻግረው በእኔ በር ለመውረድ ሲሞክሩ ቀበቷቸው ማርሹ ላይ ተሰቀለ። አልሳቅኩም። ቀስ ብዬ ፈታሁላቸው።

አክባሪዎ፣
የቁጥር 15 ሁለት ሦስተኛ