የቁጥሩ ነገር ሲመነዘር
«ስለ ቡድን የሚነገር አማካይ ሁሉ ጭፍን ጥላቻ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ፤ ይህ ልክ ነው፤ ጸሐፊው ግን ዋናው ጥያቄ ጋ ሳይደርስ ቆመ፦ የቡድኑ ቁጥር በአንዱ ሰው ላይ ለመፍረድ ይበቃል ወይ? ጽሑፉን ደግፈህ «ቁጥር ምን በደለ?» ያልከው ወንድሜ፣ እስራኤል ያለን ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር በደማችን እናውቀዋለን። ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ ኤችአይቪ ከሌላው ሕዝብ በዝቶ ይገኝ ነበር፤ ይህን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጋለጠው ግን ሌላ ነው፦ የደም ባንኩ ሰዎች የምንለግሰውን ደም አመስግነው ይቀበሉና ሳይነግሩን ይደፉት ነበር። ያኔ ኢየሩሳሌም ላይ ወደ 10,000 ሰው ወጣ። በ2013 ደግሞ የክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) አባሏ ፕኒና ታማኖ-ሻታ እዚያው ምክር ቤቱ ግቢ ደም ልስጥ ብትል፣ ኢትዮጵያ በመወለዷ አይሆንም ተባለች። በ1984 የ3 ዓመት ሕፃን ሆና የገባች ሴት እኮ ናት! የኤችአይቪ ምርመራ አዲስ የተያዘን ሰው ሊስት የሚችለው ለሳምንታት፣ ቢበዛ ለጥቂት ወራት ነው፤ ለ29 ዓመት ግን ከየት መጥቶ? ቁጥሩ የት አጥብቀህ መርምር ይልሃል እንጂ የመረመርከውን ሰው አትመን አይልህም። እኔ ወታደር ሳለሁ ጓደኞቼ ደም ሊሰጡ ሲሰለፉ፣ እንዳልጠየቅ ብዬ ወጥ ቤት ገብቼ ሻይ አፈላ ነበር።