«13 ሰዓት ነው» ለምትሉ ሁሉ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ስልካችሁን የምትጠይቁ ወገኖቼ፣ በናታችሁ ተዉት! ስልኩ የሚያውቀው ማካፈል ብቻ ነው። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማውን ለአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍልና «13 ሰዓት» ይላችኋል። የአጎቴ ልጅ ይህንን አምኖ ሊቀበለኝ የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት የተገኘው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። እኔ የደረስኩት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል። አራት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ሲቁነጠነጥ አንግቶ፣ ገና ሲያየኝ እንኳን ደህና መጣሽ የለ፣ ምን የለ፣ «የት ነበርሽ?» አለኝ። የት እሆናለሁ? ሰማይ ላይ ነዋ!

ወንድሜ፣ 13 ሰዓቱ ወደ አገር ቤት ስትሄድ ነው። ያኔ ነፋሱ ከኋላ ይገፋሃል። አውሮፕላኑም ከባሕር ወለል ከፍታው 100 ሜትር ከማይሞላው ከደለስ ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሳና ቦሌ ነው የሚያርፈው። ስትመለስ ግን ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ የተሰቀለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ደለስ ላይ ያለውን ያህል ጉልበት የለውም። ሰው፣ ሻንጣና ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። አንድ ሰሞን ደብሊን ነበር የሚያርፈው፤ ከተማውን ሳናይ፣ ከወንበራችን ሳንነሳ፣ «አየርላንድን ረግጫለሁ» ማለት እንኳ ሳንችል። ነፋሱ ደግሞ በዚህ በኩል ከፊት ነው። ተደምሮ 17 ሰዓት ገደማ።

እሱም ቢሆን የአውሮፕላኑ ሰዓት ነው፣ የኔ አይደለም። የኔ የሚጀምረው ከደሴ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነች መንገድ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ! ከዚያ አዲስ አበባ አድሬ፣ በረራው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ሆኖ ሳለ ገና ከ12 ሰዓት ጀምሮ ቦሌ ሰልፍ ላይ ነኝ። ሻንጣውንማ ቤት መዝኜው ነበር፣ ልክ 23 ኪሎ። ለካ እማዬ እኔ ገላዬን ስታጠብ «ይቺን ብቻ» ብላ ኮሰረትና ሁለት ኪሎ ሽሮ ጨምራለች። ሰው ሁሉ እያየኝ መሬት ላይ ሻንጣ ከፍቼ በርበሬ ከጫማ ስለይ የጠፋውን ጊዜ የትኛው ስልክ ይቆጥርልኛል? ደለስ ደግሞ የፓስፖርቱ ሰልፍ አለ፤ ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ «ምግብ ይዘሻል?» አለ።

ይሄን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ ቁጭ አድርጌ አስረድቼዋለሁ። እየሰማ፣ እህ እያለ። በሚቀጥለው ወር እናቱ ሊመጡ ነው። ትናንት ማታ ደወለልኝ።

«እማዬ ከቦሌ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ትነሳለች፣» አለኝ፣ «እና እኔ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብወጣ እደርሳለሁ አይደል?»

ዘጋሁበት።