ማስተካከያ፦ ምክክሩ ካስማ ከመተከሉ በፊት ነው

በቀላሉ በሚጎዳ መሬት ላይ ስለሚሠሩ የእግር መንገዶች ባወጣነው ማብራሪያ «መስመሩ በካስማ ከተለየ በኋላ ነዋሪው ይጠራ» ብለን ነበር። ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ካስማ የተተከለበት መስመር ለሚያየው ሰው ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የሚሰጠውም አስተያየት ከ«እሺ» ወይም «እምቢ» አያልፍም። መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ሁለት ሦስት አማራጭ መስመሮች ያሉበት ካርታ ነው። «መንገዱ ጭራሽ ባይሠራስ?» የሚለውም ከአማራጮቹ አንዱ ይሁን።

ቀጥሎ ቦታው ላይ አብሮ መሄድ ነው፤ ቢቻል በዝናብም በበጋም። ረግረግ በደረቅ ወር ሜዳ ይመስላል። ከብት የሚያግድ ሰው ግን ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ወፎቹ የትኛው ሣር ውስጥ እንደሚጥሉ ያውቃል። እረኛ ደግሞ አዳራሽ ስብሰባ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ሁለተኛው ስህተት የቁጥር ነው። «ቁልቁለቱ እስከ 15 በመቶ ይፈቀዳል» (በ100 ሜትር አግድም ርቀት 15 ሜትር መውረድ ማለት ነው) ያልነው ለሁሉም ቦታ አይሠራም። የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ከሚያቋርጠው የኮረብታ ጎን ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም፦ ተዳፋቱ 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 አይለፍ። ካለፈ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ መውረዱን ትቶ መንገዱን ይዞ ይፈሳል፣ ቦይ ይቆፍራል። ተጓዡም ቦዩን ሸሽቶ ዳር ዳሩን ሣር ይረግጣል፤ አንድ ሰው የሚያሳልፈው መንገድ እንዲህ ነው የሚሰፋው።

የትኛው አስተያየት እንደተወሰደ፣ የትኛው ለምን እንደቀረ ለነዋሪው በጽሑፍ ይመለስ ያልነው እንዳለ ይጸናል።